አዲስ የተገዛ የሳንቲም ስብስብ ጥራት ሲጎድለው

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ የንግድ ትምህርት

ትርፍ የሚገኘው ዕቃ በሚሸጥበት ሰዓት ብቻ እንዳይደለ ልምድ ያለው ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ሲገዛ ሳይመረመር የቀረ እንደ ሆነ፣ ሲሸጥ ይገኛል ተብሎ የታሰበው ትርፍ አስቀድሞ ከእጅ ወጥቷል ማለት ነው። በፎገራ ሜዳ ላም የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፣ ጡቷን ዳብሶ፣ አካሄዷን ተመልክቶ ዋጋ ይቆርጣል። በወረታ ገበያ ሩዝ የሚረከብ ነጋዴም እፍኝ ዘግኖ ስባሪውን ከሙሉው ይለያል፤ ፍሬውንም በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ያውቃል። ሆኖም ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ በሚያምር ሣጥን የታሸገ የሳንቲም ስብስብ ሲቀርብለት፣ የሣጥኑን ውበት የዕቃው ጥራት ማረጋገጫ አድርጎ የሚቀበልበት ጊዜ አለ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ የመንገድ መገናኛ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ለመንገደኛና ለጎብኚ የሚሆን የማስታወሻ ዕቃ ማቅረቡ የተለመደ ነው። ከነዚህም ዕቃዎች አንዱ የመሰብሰቢያ ሳንቲም ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ፣ አዲስ የተገዛ የሳንቲም ስብስብ እንደ ተጠበቀው ሆኖ ባይገኝ ነጋዴው መብቱንና ገንዘቡን ሳያጣ ጉዳዩን እንዴት ማስተካከል እንደሚችል ማስረዳት ነው።

1ኛ. የሳንቲም ስብስብ ምንድን ነው?

የሳንቲም ስብስብ ማለት በአንድ ዘመን ወይም ለአንድ መታሰቢያ የወጡ ሳንቲሞች በአንድነት ተደርድረው፣ በሣጥን ወይም በመያዣ ተደርገው የሚሸጡበት ዕቃ ነው። ከኢትዮጵያ ሳንቲሞች መካከል ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ብዙ ናቸው። የ1958 ዓ.ም. ቀን የተጻፈባቸው የ10፣ የ20፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር የወርቅ ሳንቲሞች፣ በ1964 ዓ.ም. ቀን የነገሥታትን መልክ ይዘው የወጡት የብር መታሰቢያ ሳንቲሞች፣ እንደዚሁም የ1969 ዓ.ም. ቀን ያለባቸውና የአንበሳ ራስ የተቀረጸባቸው ከ1 እስከ 50 ሳንቲም ያሉት አምስት ዓይነት ሳንቲሞች ለምሳሌ የሚጠቀሱ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ለዕለት መገበያያ ከታተሙት ሌላ፣ በአሜሪካ አገር የሚገኘው የፍራንክሊን ማተሚያ ቤት ለሰብሳቢዎች ብሎ በልዩ አሠራር አትሟቸዋል።

ይህ ልዩ አሠራር በሰብሳቢዎች ዘንድ «ፕሩፍ» ይባላል። ማተሚያ ቅርጹ እንደ መስተዋት ተወልውሎ፣ የሚታተመውም ዝርግ ብረት ተመርጦና ጠርቶ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ በኃይል እየተመታ የሚወጣ ሳንቲም ነው። ስለዚህ ሜዳው እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ሥዕሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ውርጭ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ለዕለት መገበያያ የሚታተመው ሳንቲም በአንጻሩ በብዛትና በፍጥነት ተመትቶ፣ ከሌሎች ጋር በከረጢት ተደባልቆ ስለሚጓዝ፣ ከማተሚያ ቤት በወጣበት ቀን እንኳ ጭረት አያጣውም።

ይህን ልዩነት ያላወቀ ገዢ ከሻጩ ጋር ያለ ምክንያት ይጣላል፤ ወይም ደግሞ በምክንያት ሊጣላ ሲገባው ዝም ይላል። በውሉ «ያልተነካ አዲስ» ተብሎ የተሸጠ ተራ ሳንቲም ትንንሽ ጭረት ቢኖርበት ጉድለት አይደለም። «ፕሩፍ» ተብሎ በተሸጠው ላይ ግን አንድ የጣት አሻራ ቢገኝበት እውነተኛ ጉድለት ነው።

2ኛ. ከጥንቱ ገበያ የሚገኝ ትምህርት

ሳንቲምን ሳይመረምሩ አለመቀበል ለዚህ አገር ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። በፎገራ ሜዳ ሰሜናዊ ጠርፍ የነበረው የይፋግ ገበያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሰፊው የታወቀ ነበር። እዚያም ሆነ በሌሎቹ የቤጌምድር ገበያዎች፣ ለትልቅ ክፍያ የሚያገለግለው ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ትሬዛ ብር ነበር፤ ለዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ይሠራ ነበር።

የዚያን ዘመን መንገደኞች ጽፈው እንዳቈዩት፣ የአገሩ ነጋዴ ጠገራ ብር ሲሰጠው ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥና የዕንቁውን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይመለከታል፤ ሥዕሉ ያለቀበትን ወይም የደበዘዘውን ይመልሳል። ይህ ምርመራ ለውጭ አገር ሰዎች አጉል ግትርነት መስሎ ታይቷቸዋል። ነገር ግን የነጋዴው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ጥቃቅኑ ነጠብጣብ ጎልቶ የሚታየው ብሩ ካላለቀና በደንብ ከተመታ ብቻ ነው። አስመስሎ ያፈሰሰው ሰው ይህን ጥቃቅን ሥራ በቀላሉ ሊያወጣው አይችልም። ነጋዴው በማጉያ መነጽርና በኬሚካል ፋንታ ዓይኑንና ጣቱን ተጠቅሞ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርመራውን ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ያደርግ ነበር።

የጠገራ ብር ታሪክ ለዛሬውም ገዢ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፈችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ብር ሁሉ ይህንኑ 1780 የሚለውን ቀን ይዞ ይወጣል። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብሩክሴል፣ በቦምባይና በበርሚንግሃም በ20ኛው ምዕተ ዓመት ታትሟል፤ በቪየናም ከዚያ በኋላ ለሰብሳቢዎች መታተሙ ቀጥሏል። ስለዚህ «የ1780 ብር» ተብሎ በሣጥን የተሸጠ ሳንቲም እውነተኛ ብር ሆኖ ሳለ፣ ዕድሜው ግን የአያት ሳይሆን የልጅ ሊሆን ይችላል። ገዢው «አሮጌ ገዛሁ» ብሎ ከነበረ ማዘኑ አይቀርም፤ ሻጩ ግን «1780 የሚል ብር» ብቻ ብሎ ጽፎ ከሆነ በቃሉ አልዋሸም። እንግዲህ ጠቡ የሚፈታው በሳንቲሙ ላይ ሳይሆን በውሉ ወረቀት ላይ ነው።

3ኛ. ቅር የሚያሰኙ ሦስት ምክንያቶች

በአዲስ ስብስብ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ሁሉ ከሦስቱ ከአንዱ ይወድቃል።

ሀ) ከአሠራር የመጣ ጉድለት። ሥዕሉ በሙሉ ኃይል ሳይመታ የቀረ፣ ማተሚያ ቅርጹ የተሰነጠቀ፣ በሜዳው ላይ ቆሻሻ አብሮ የተመታበት፣ ወይም ከስብስቡ አንዱ ጎድሎ ሌላው የተደገመበት እንደ ሆነ፣ ጉድለቱ ከማተሚያ ቤቱ ወይም ከአሸጋገሩ የመጣ ነው። ኃላፊነቱም ወደ ሻጩ ይመለሳል።

ለ) ከአያያዝና ከጉዞ የመጣ ጉድለት። ብር በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። መዳብና ናስ እርጥበትና ጨው ባገኛቸው ጊዜ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣሉ። «ፒ.ቪ.ሲ.» ከሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ደግሞ እያደር አሲድ ስለሚለቅ በሳንቲሙ ላይ የሚጣበቅ አረንጓዴ ዝልግልግ ያስቀራል። ይህ ጉድለት በሻጩ መጋዘን፣ በመንገድ ወይም በገዢው ሱቅ ሊደርስ ይችላል፤ የደረሰበት ቦታ የሚታወቀው ገዢው በተረከበበት ዕለት ከመረመረ ብቻ ነው።

ሐ) ከተሳሳተ ግምት የመጣ ቅሬታ። ዋነኛው ምሳሌ የዘመን አቈጣጠር ነው። በውጭ አገር ማውጫዎች «1977» ተብሎ የተጻፈው የኢትዮጵያ ስብስብ በላዩ ያለው ቀን በግዕዝ አኃዝ ፲፱፻፷፱ ነው። የምኒልክ ብርም ማውጫው «1894» ቢለውም ሳንቲሙ ፲፰፻፹፯ ይላል። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ደንበኛ «ቀኑ የተሳሳተ ሳንቲም ተላከልኝ» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ጉድለቱ በሳንቲሙ ሳይሆን በማስታወቂያው ነው፤ ላኪው ሁለቱንም ቀን አስቀድሞ በመጻፍ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚመደብ ሌላ ነገር አለ። የ1936 ዓ.ም. ቀን ያለበት የመዳብ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ጠርዙ ክብ ሆኖ ወጥቶ ነበር። መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለ ተቀራረበ ተሰብስቦ፣ በኋላ ጠርዙ እንደ ሞገድ እየገባና እየወጣ ተሠርቶ እንደ ገና ወጣ፤ ቀኑ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቀን ይዘው ሁለት ዓይነት ጠርዝ ቢታዩ ስሕተት አይደለም። ክብ የሆነው ጥቂት በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህም የሞገዱን ጠርዝ ሞርደው ክብ አስመስለው እንዳይሸጡት ስፋቱን ለክቶ ማስተያየት ያሻል፤ የተሞረደ ሳንቲም ስፋቱም ክብደቱም ይቀንሳል።

4ኛ. በተረከቡበት ዕለት የሚደረግ ምርመራ

ለምርመራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ አምስት ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ የግራምን አሥረኛ የሚለይ ሚዛን፣ ማግኔት፣ ንጹሕ የጥጥ ጓንትና የቀን ብርሃን ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ማሸጊያው መቀደዱና አለመቀደዱ፣ እርጥበት መንካቱና አለመንካቱ ይታይ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ሁለት ምስክሮች ቢገኙ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ የስብስቦቹ ቁጥርና በያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ሳንቲሞች ዓይነት ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር።

ሦስተኛ፣ ሳንቲሙ በመያዣው ውስጥ እንዳለ ወደ ብርሃን አዘንብሎ በመነጽር ይታይ። ፕሩፍ የሆነውን ከመያዣው ማውጣት አይገባም፤ ማኅተሙ የተከፈተ ዕቃ ለመመለስ ያስቸግራልና።

አራተኛ፣ በመያዣ ያልታሸጉ የጠገራና የምኒልክ ብሮች ይመዘኑ። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። የምኒልክም ብር በክብደትም በንጽሕናም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ነው። በአገልግሎት ያለቀ ብር ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ የብዙ ግራም ልዩነት ግን ያጠራጥራል።

አምስተኛ፣ ክብደቱ ብቻ ካላረካ በውሃ ይፈተን። በሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጦ ክብደቱ ይመዝገብ፤ ከዚያ ብሩ በቀጭን ክር ታስሮ የብርጭቆውን ግርጌና ጎን ሳይነካ በውሃው ውስጥ ይንጠልጠል። ሚዛኑ የሚጨምረው ወደ 2.75 ግራም ከሆነ፣ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይሆናል፤ ይህም የእውነተኛው ጠገራ ብር እፍጋት ነው። በዚያው መጠን ከናስ ተሠርቶ ብር የተቀባ ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 23 ግራም ተኩል ብቻ በሆነ ነበር። ይህ ፈተና በፕሩፍ ሳንቲም ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ውሃው ሲደርቅ ነጠብጣብ ይተዋልና።

ስድስተኛ፣ ጠርዙ ይታይ። በጠገራ ብር ጠርዝ ላይ ጽሕፈትና ጌጥ በዙሪያው አለ። በቅልጥ የፈሰሰ ማስመሰያ አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መሥመር ወይም የተሞረደ ቦታ ያሳያል። ማግኔት የሚስበው ከሆነ በእርግጥ ብር አይደለም፤ ነገር ግን ማግኔት አልሳበውም ማለት ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስም፣ መዳብም፣ እርሳስም አይሳቡም።

የተገኘው ሁሉ በዚያው ዕለት በወረቀት ይጻፍ።

5ኛ. ማጽዳት ኪሳራ ነው

ጥቁር ወይም ነጠብጣብ ያለበት ሳንቲም ያየ ባለሱቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ማጽዳት ነው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በጨርቅ ፈትጎ ያብረቀርቀዋል። ይህ ለብረት ድስት መልካም ሊሆን ይችላል፤ ለመሰብሰቢያ ሳንቲም ግን ጥፋት ነው። መፈተግ የሜዳውን ቆዳ ይልጣል፤ በመነጽር ሲታይ በሺህ የሚቈጠር ጭረት ይወጣል፤ ሰብሳቢም ወዲያው ያውቀዋል። በዓለም ገበያ የሳንቲም ደረጃ የሚሰጠው ከ1 እስከ 70 ባለው የሼልደን መለኪያ ነው፤ የተፈተገ ሳንቲም ግን ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች በዚህ መለኪያ ተራ ቁጥር ሳይሰጡት «የጸዳ» ብለው ለይተው ያስቀምጡታል።

ከዚህም ሌላ የሕግ ጉዳት አለበት። ገዢው ሳንቲሙን ከፈተገው በኋላ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቷል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ አንድ የወረታ ባለሱቅ 20 ስብስቦችን እያንዳንዱን በ4,000 ብር ገዛ ይባል፤ ዋጋው ለምሳሌ ብቻ የተወሰደ ነው። ያወጣው ገንዘብ 80,000 ብር ነው። እያንዳንዱን በ5,000 ብር ቢሸጥ 100,000 ብር ያገኛል፤ ትርፉም 20,000 ብር ይሆናል። አሁን በ7ቱ ላይ ነጠብጣብ ተገኘ። ባለሱቁ ሰባቱን ፈትጎ እንደ ተበላሸ ዕቃ በ2,000 ብር ቢሸጣቸው 14,000 ብር ያገኛል፤ ከቀሩት 13 ደግሞ 65,000 ብር። ድምሩ 79,000 ብር ነው። ጉድለት የነበረበት ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ሲሆን ትርፉ በሙሉ ጠፍቶ ከዋናው ላይ 1,000 ብር ጎደለ። ሰባቱን ሳይነካ አስቀምጦ ለሻጩ ቢያስታውቅና ቢለወጡለት ግን 20,000 ብሩ በኪሱ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው ነው።

6ኛ. ሕጉ ለማን ይቆማል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 እና ተከታዮቹ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስትና እንደሚሰጥ ደንግጓል። ነገር ግን ይኸው ሕግ ገዢውንም ግዴታ አለበት ይለዋል። በቁጥር 2291 መሠረት ገዢው ዕቃውን ለመመርመር እንደ ተመቸው ወዲያው መመርመር አለበት፤ በቁጥር 2292 መሠረትም ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ጉድለቱን እያወቀ የገዛ ሰው ደግሞ በኋላ ዋስትና መጠየቅ አይችልም። እንግዲህ ሕጉ የሚቆመው ለሚጮኸው ሳይሆን በጊዜው ለሚመረምረውና በጽሑፍ ለሚያስታውቀው ነው።

በሱቅ ገዝቶ ለራሱ የሚጠቀም ሰው ሌላም ጥበቃ አለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። ይህ ለመሸጥ የሚገዛውን ነጋዴ የሚመለከት ሳይሆን ከነጋዴው የሚገዛውን ደንበኛ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ባለሱቁ በሁለት ግዴታ መካከል ቆሟል፤ ከበላዩ ካለው አከፋፋይ ሲገዛ ቸል ያለውን ጉድለት ከበታቹ ያለው ደንበኛ ይዞበት ይመጣል።

ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ባንክ የከፈተለት ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከጥራት ጉድለት ያድነኛል ብሎ እንዳይታለል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና «600» በሚል ቁጥር የሚታወቀው ደንብ እንደሚለው ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። ሰነዱ ከተሟላ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሳንቲም ቢጠቁርም ባንኩ ይከፍላል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ከሚፈለጉት ሰነዶች መካከል ገለልተኛ መርማሪ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሰጠው የምስክር ወረቀት እንዲጨመር በውሉ ማስገባት ነው። በውሉም «ጥሩ ሳንቲም» ከማለት ይልቅ የሳንቲሙ ስም፣ ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር፣ የብረቱ ዓይነትና ንጽሕና፣ ክብደቱ፣ ፕሩፍ ወይም ተራ መሆኑ፣ የመያዣው ዓይነት፣ እንዲሁም የተበላሸው የሚለወጥበት ጊዜና የመመለሻውን ወጪ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ።

7ኛ. የማስታወቂያ ደብዳቤ አጻጻፍ

ለሻጩ የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር፣ ትሑትና በማስረጃ የተሞላ መሆን አለበት። ስድብና ዛቻ ጉዳዩን ያዘገያሉ እንጂ አያፋጥኑትም። ለምሳሌ የሚከተለው ይጠቅማል፦

«ቀን ..........

ለ.......... የንግድ ቤት

ጉዳዩ፦ ጉድለት ስለ ተገኘባቸው 7 የሳንቲም ስብስቦች

ከድርጅትዎ በደረሰኝ ቁጥር .......... የገዛናቸውን 20 ስብስቦች በ.......... ቀን ተረክበን በዚያው ዕለት በሁለት ምስክሮች ፊት መርምረናል። በውሉ ፕሩፍ ተብለው ከተሸጡልን መካከል በ7ቱ ላይ፣ ማለትም በተራ ቁጥር .......... ባሉት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብና የጣት አሻራ ተገኝቷል። ስብስቦቹን ከመያዣቸው ሳናወጣና ሳንነካ አስቀምጠናል። የምርመራው ወረቀትና ፎቶግራፍ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ሰባቱ ስብስቦች በሌላ እንዲለወጡልን ወይም ዋጋቸው እንዲመለስልን፣ ሐሳብዎንም እስከ .......... ቀን እንዲያስታውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ደብዳቤው መድረሱ የሚታወቅበት ፊርማ ወይም የፖስታ ደረሰኝ ከቅጂው ጋር ይቀመጥ። ሻጩ ዋጋ ቀንሶ ለመስማማት ቢጠይቅ፣ ገዢው ሂሳቡን አስልቶ መወሰን ይችላል፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን።

8ኛ. በፎገራ አየር ሳንቲምን ስለ መጠበቅ

ጉድለት ሳይኖርበት የተገዛ ሳንቲም በገዢው ሱቅ እንዳይበላሽ መጠበቅ የትምህርቱ ሁለተኛ ፊት ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ የተዘረጋ ዝቅተኛ ስፍራ ነው፤ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። ይህ ውሃ ለሩዝ በረከት ነው፤ ለብርና ለመዳብ ግን እርጥበቱ ጠላት ነው።

ስለዚህ ሳንቲም ከወለል ከፍ ባለ፣ ፀሐይ በማይነካው ደረቅ ሣጥን ይቀመጥ። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በትንሽ ከረጢት አብሮ ይደረግ፤ በየጊዜውም ይለወጥ። በሩዝ አገር ሩዝን ለዚህ ሥራ ማዋል የሚያጓጓ ቢሆንም አይመከርም፤ ሩዝ እርጥበት የመሳብ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ዱቄቱም በሳንቲሙ ላይ ይቀመጣል። ድኝ ያለበት የላስቲክ ማሰሪያ፣ አዲስ የተላገ እንጨት፣ ጋዜጣና ለስላሳ የፒ.ቪ.ሲ. ከረጢት ከሳንቲም ይራቁ። ሳንቲም በእጅ መያዝ ግድ ሲሆን በጠርዙ ብቻ ይያዝ።

9ኛ. ባለሱቁ ሻጭ በሚሆንበት ጊዜ

ገዢ ሆኖ የሚጠይቀውን እውነት ሻጭ ሲሆን ለደንበኛው መንፈግ ለባለሱቅ አይገባም። በቅርቡ በቪየና የታተመ ጠገራ ብር «በኋላ ዘመን የታተመ» ተብሎ ይጻፍበት። የምኒልክን ብር አስመስሎ የተሠራ ጌጥ ከሆነ «ቅጂ» ይባል። ነጠብጣብ ያለበት በቅናሽ የሚሸጥ ከሆነ ነጠብጣቡ ለደንበኛው ታይቶ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። እንዲህ የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም፤ ደንበኛው ግን ይመለሳል።

ለላኪዎች ደግሞ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። የአክሱም ዘመን ሳንቲሞችና ሌሎች ጥንታዊ ገንዘቦች ተራ ሸቀጥ አይደሉም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ አሮጌ ሳንቲም ወደ ውጭ ለመላክ ወይም ለጎብኚ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ አለበት። በጉምሩክ የተያዘበት ጎብኚ ቅሬታውን ይዞ የሚመለሰው ወደ ሸጠለት ሱቅ ነው።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «የ1780 ጠገራ ብር» ተብሎ የተሸጠ ሳንቲም በ20ኛው ምዕተ ዓመት የታተመ ሆኖ ቢገኝ፣ ገዢው መብት የሚኖረው በውሉ ምን ተጽፎ ከሆነ ነው?

2. ፕሩፍ የሆነ ስብስብ በተረከቡ በሁለተኛው ወር ተከፍቶ አረንጓዴ ነጠብጣብ ቢገኝበት፣ ነጋዴው የሚገጥመው ችግር ምንድን ነው?

3. ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ጉድለት ያለባቸው 7 ሳይሆኑ 4 ቢሆኑና ተፈትገው በ2,000 ብር ቢሸጡ፣ ባለሱቁ ስንት ብር ያተርፋል? ሳይነኩ ቢለወጡለትስ?

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ፦ 16 ስብስቦች በ5,000 ብር 80,000 ብር፣ 4ቱ በ2,000 ብር 8,000 ብር፣ ድምሩ 88,000 ብር ስለሚሆን ትርፉ 8,000 ብር ብቻ ነው፤ ቢለወጡለት ግን 20,000 ብር ነው። የ12,000 ብሩ ልዩነት የአንድ ቀን ምርመራና የአንድ ገጽ ደብዳቤ ዋጋ ነው።